የአንማው ልክ

ከብቸና ገበያ በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
በሲንጀር መኪናዬ ስጠቅም የሰው ቀን፣
ነጭ መኪና መጣ፣ ካሜራ የጫነ፣
ወሬው ካቧራው ቀድሞ በየቤቱ ገነነ።

“ፊልም ነው” አሉን፤ “ፖስተኛ ነው ዋናው፣
ዓባይን በእግሩ ወርዶ በእግሩ የሚወጣው።”
አዘጋጁ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው፣
ሦስት ቀን ዞረ፣ የሁላችንን ፊት አየው፤
በአራተኛው ከእህል ተራ አንማውን አገኘው።

አንማው ማለት፣ ሲገባ በር የሚጠበው፣
ኩንታል ተሸክሞ የሚያፏጭ ሰው፣
ሳቁ ከወፍጮው ድምፅ በላይ የሚሰማ፣
ሲዋሽ ጆሮው የሚቀላ፣ ሲምል የማያቅማማ።
“ይኸው ሰውዬው” አለ አዘጋጁ፣ “ፍለጋው አበቃ፣
ይህ ፊት ዝም ብሎ ይበቃኛል፣ በቃ።”

እኔም ካፖርቱን ልሰፋ ሜትሬን አነሳሁ፣
ጀርባውን ለመለካት በርጩማ ላይ ወጣሁ፦
ትከሻ ሃምሳ አራት፣ እጅጌ ሰባ አንድ፣
ደረት መቶ አስር፣ የዋንዛ ግንድ።
እያሳቀኝ ጻፍኩት። ካኪ ጨርቅ፣ የናስ ቁልፍ፣
መብራት ሲሄድ በሻማ፣ ሁለት ሌሊት ያለ እንቅልፍ።

ቀረጻው ሊጀመር የተባለ ዕለት፣
የኅዳር ሰማይ ጠቆረ፣ ያለ ወጉ፣ ባንድ ሌሊት።
የአንማው ጤፍ ታጭዶ ተኝቷል ከማሳው፣
የልጆቹ ልብስ፣ የዓመት ቀለቡ፣ ዕዳው።
“እስከ ቀትር ቆዩኝ” ብሎ ሮጠ፣ ደቦ ሊጠራ።
አዘጋጁ ሰዓቱን አየ፣ ደመናውን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን።
“ብርሃን አይጠብቅም” አለ።
ነዶም አይጠብቅም፣ ልለው ነበር፤
አፌ ላይ ክር ነበረ።

ታዲያ ማን ይልበሰው?
መስታወት የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ነበረ፣
ብርሃን ወደ ሌሎች ፊት ሲመልስ የሚውል፣
ቀጭን፣ ቃል የማያበዛ፤ ይኼይስ ይባላል።
(ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ቆይቻለሁና ስሙ አሳቀኝ፤
“ይሻላል” ማለት ነው። ከማን እንደሚሻል አይናገርም።)

ካፖርቱ ዋጠው። ጀርባውን ሰብስቤ
በስምንት መርፌ ቁልፍ ያዝኩት።
እጅጌውን ላሳጥር ስል፣ “ተወው” አሉኝ፣ “ይታጠፍ።”

ፊልሙን አይታችሁ ይሆናል።
ፖስተኛው ደብዳቤውን ከመስጠቱ በፊት
እጅጌውን ያጥፋል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በዝግታ፤
ጣቶቹ ብቅ ሲሉ እናትዮዋ ታለቅሳለች፣
አዳራሹም።

ያን እጥፋት አገር ወደደው።
የባሕር ዳር ጎረምሳ አጠፈ፣ ሎተሪ አዟሪው አጠፈ፣
አንድ አዋቂም ጋዜጣ ላይ፣
“መንግሥት የሰፋበት ሰው ምልክት” ብሎ ጻፈ።
የሰፋሁት እኔ ነኝ።
የሰፋውም ለአንማው ነበር።
ሲዞር ልብ ብላችሁ እዩት፣ ከድልድዩ ላይ፣
ሦስተኛዋ መርፌ ቁልፍ ብልጭ ትላለች ከፀሐይ።

አንማው ከእኔ ጋር አየው፣ በቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት፣
አግዳሚው ጠብቦት፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ በሦስት ብር ትኬት።
ስንወጣ ብቻ፣ “ልጁ ጥሩ ይሄዳል” አለ፣
“እኔ ብሆን እሮጥ ነበር።”
“ጤፉስ?” አልኩት።
“ተርፏል” አለ። ትንሽ ሄዶ፣ “ግማሹ።”

ከዚያ ወዲህ መርፌ ስይዝ አስባለሁ፦
እርሱ ቢሆን እጅጌው ልኩ ነው፣ የሚታጠፍ የለም፤
ያች እናት በምን ታለቅስ ነበር?
ወይስ በሌላ፣ እኔ ባልለካሁት፣
ከሳቁ ሥር ባለ ነገር?

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለልጁ ሠርግ፣ ኮት ሊያሰፋ መጣ።
ሜትሬን ሳነሳ፣ “የዱሮው ልኬ አለህ አይደል?” አለኝ።
ነበረኝ።
ትከሻው መውረዱን እያየሁ፣ ላሳፍረው አልፈለግሁም፤
በደብተሩ ቆረጥኩ፤ ሃምሳ አራት፣ ሰባ አንድ።

ሳለብሰው እጅጌው እጁን ዋጠው።
መስታወቱ ፊት ዝም ብሎ ቆመ።
ከዚያ አጠፈው፣ አንዴ፣
ሁለቴ፣
በዝግታ።